ሩዝ ከነገለባው

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወረታ ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል የሚነሣ አንድ ሽታ አለ። በሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ ጓሮ የተከመረው ገለባ እርጥበት ጠጥቶ ይቆይና፣ ሙቀት ሲነካው የሻገተ ጭድና አቧራ የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ያወጣል። ለከተማው ሰው የእንጀራው ሽታ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እኔ ግን መስኮት ስከፍት ድንገት ካገኘኝ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ ልጆች አሳድጌ፣ ተማሪ ፊት ቆሞ መናገርን የዕለት ሥራዬ አድርጌ እንኳ ፊቴ ፍም ይሆናል። ከገለባው ጋር የአንዲት እሑድ ሀፍረት አብሮ ይነሣል፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ዘመኑም የደርግ ነበር።

ቤታችን ከወረታ ወደ ጣና በሚዘልቀው የፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከርብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ አፈር ተቆልሎ ከፍ በተደረገ ጉብታ ላይ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ርብ ሞልቶ እየወጣ ሜዳውን ያለብሰውና ከደጃችን እስከ ጎረቤት ደጅ ውኃ ብቻ ይሆን ነበር፤ አባቴ አያሌው ከብቶቹን ወደ ዳገቱ፣ ዘመዶቻችን ዘንድ ነድቶ ይወስዳቸውና የምትታለበውን ላም ብቻ ለእናቴ ይተውላት ነበር። እናቴ ጥሩዬ በአካባቢው የምትታወቀው በወተቷ ነበር። እርጎዋን የቀመሰ መንገደኛ ሁሉ ስሟን እያነሣ ይሄዳል፤ እሷም እንግዳ መጣ ሲባል ቅሏን አጥና ትጠብቃለች እንጂ ምን ላቅርብ ብላ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የደረሰባትን የሚሰማ ሰው በስንፍናዋ እንዳይፈርድባት ነው። እናቴ ባለሙያ ሴት ነበረች።

በአንዱ ክረምት መግቢያ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ወደ ገበሬ ማኅበራችን መጡ። የእኛ አስተማሪ ሶስና የምትባል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ከአዲስ አበባ የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ጎልማሶቹም ልጆቹም «መምህርት» እንላት ነበር። ውኃው የማኅበሩን አዳራሽ ሲከበው ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግሯ ላይ የተጣበቀውን አልቅት በጨው እያስለቀቀች ትመጣ ነበርና ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ «ይቺስ ወንድ ናት» ይሏት ነበር። ዙሩ አልቆ ጓደኞቿ በመኪና ተጭነው ሲመለሱ እሷ በፈቃዷ ቀረች። እኔ ከልጆቹ ቀድሜ ማንበብ ጀምሬ ስለነበር፣ «ስመኝ ወረታ ትምህርት ቤት ገብታ በወጉ መማር አለባት» ማለት አበዛች። እናቴ እኔን ልትወስድ እየመጣች፣ ገብታ አትቀመጥም፣ ከአዳራሹ በር ውጭ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ታዳምጥ ነበር።

ችግሩ የታጨሁ መሆኔ ነበር። አባቴ ገና ድክ ድክ ስል ወደ አንበሳሜ በኩል ላሉ ሰዎች ቃል ሰጥቶ ነበርና ሠርጉ ለሚመጣው ጥር ተቆርጧል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር፣ ክፋቱ ቃሉ በእኔ ላይ የተሰጠ መሆኑ ነው። መምህርት ይህን ስትሰማ ምን እንደምታደርግ አገሩ ሁሉ ይጠባበቅ ነበር፤ በዚያ ዘመን ዘማች ልጁን ሊድር ነው ብሎ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠቆም ካደረገ፣ ታጣቂ መጥቶ አባትን ከእርሻው ላይ ይዞት ይሄዳልና። እናቴ ትፈራለች፣ አባቴ በየማታው «ይምጡ እንጂ!» እያለ ይፎክራል፣ እኔ ደግሞ ሠርጉም እስሩም እንዳይመጣ፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ እንድታስቀርልኝ ማርያምን እለምን ነበር።

መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲጎድል ሜዳው ላይ አዲስ ነገር ታየ። ገበሬዎቹ በጋራ የሚያርሱበት የአምራቾች ማኅበር በዚያው ክረምት ሩዝ የሚባል እህል አስመጥቶ አዘርቶ ነበር። «ውኃ ውስጥ የሚዘራ እህል ምን ሊያፈራ ነው፣ ዓሣ?» እያሉ ሲያሾፉ የከረሙት ወንዶች፣ ጥቅምት ላይ ቡቃያው ዘለላውን ሲያጎነብስ አፋቸውን ያዙ። ባለሙያዎች መጥተው እንዴት እንደሚዘራ፣ እንዴት እንደሚታረም፣ መቼ እንደሚታጨድ ለወንዶቹ አስተምረው ሄደዋል። ሴቶቹን ሰብስቦ «ይህ ነገር ሲበስል እንዲህ ነው» ያለ ግን አልነበረም። ኅዳር ላይ አባቴ የደረሰውን በአህያ ጭኖ አመጣና ጎታው አጠገብ አራገፈው፤ እናቴ በእፍኟ ዘግና፣ በመዳፏ አሽታ፣ አንድ ፍሬ በጥርሷ ሰብራ አየችና «ገብስ ነው እንዳልል ገብስ አይደለም» ብላ ጆንያውን መልሳ አሰረችው።

ከዚያ መምህርት እሑድ ቤታችሁ እመጣለሁ ብላ በእኔ ላከች። አባቴ ወዲያው «ሊቀ መንበሩን ይዛ ነው?» አለኝ።

«ብቻዬን ነው ብላለች። እንግዳ ነኝ ብላለች» አልኩት።

ለሊቀ መንበር የተዘጋጀ ፉከራ ለእንግዳ አይሆንም። እንግዳ ሆና ከመጣች ቤቱ እንደ ቤት ሊቀበላት ይገባል፤ ቀምሳ ብቻ ከተነሣች ወይም ቅር ብሏት ከወጣች አባቴ የምትለውን ለመስማት ጆሮ አይኖረውም፣ «ምግቤን ያልፈለገች ልጄን ለምን ትፈልጋለች» እንደሚል እናቴ አሳምራ ታውቃለች፤ እንድማር ደግሞ ከእኔ በላይ የምትለምነው እሷ ነበረች። በሌላ ወር ቢሆን እርጎው፣ ቅቤው፣ ዶሮው ነበረላት፤ አሁን ግን የነቢያት ጾም ገብቷል። «ጾም እጄን አሰረኝ» እያለች ከጓዳ ወደ ምድጃ ትመላለስ ጀመር። «የአዲስ አበባ ልጅ በሽሮ ልሸኝ? ሽሮ ለማን ብርቅ ነው!» ድንገት ዓይኗ ጆንያው ላይ ዐረፈ። አንድ ጊዜ ወረታ ገበያ ወርዳ፣ ምግብ ቤት በር ላይ ስታልፍ ሰሃን ላይ የተቆለለ፣ ነጭ፣ ፍሬው ለብቻ ለብቻው የቆመ ነገር አይታ፣ ምንድን ነው ብትል ሩዝ ነው፣ የከተማ ሰው ምግብ ነው ብለዋት ነበር።

ቅዳሜን ሙሉ ታገለችው። መጀመሪያ እንደ ገብስ በሙቀጫ ሸከሸከችው፤ ፍሬው እየተሰበረ ድቃቂ ሆነ፣ ድቃቂው ደግሞ ያየችውን ሰሃን ሳይሆን ለጫጩት የሚበተን ነገር ይመስላል። ወደ ጎን አድርጋው አሰበች። ባቄላም አተርም ሲቀቀል ልብሱን በራሱ ጊዜ ያወልቃል፤ ሩዝም እህል ነው፣ እሳት ሲበዛበት ገለባው ይለቃል፣ ከዚያ በውኃ አንሳፍፎ መድፋት ነው። ይህን ስትነግረኝ ልክ መሰለኝ፤ አሁንም ሳስበው አሳሳቷ የሚያውቅ ሰው አሳሳት ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣደችው። ፈላ፣ ውኃ ጨመረችበት፣ እንደገና ፈላ፤ ፍሬው አበጠ፣ ገለባው አፉን ከፈት አደረገና እዚያው ቀረ። በጭልፋ እያወጣች ታየዋለች፣ እፍ ትለዋለች፣ ትመልሰዋለች። «ይለቃል፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያለች ሳለ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

መምህርት ጫማዋን አውልቃ ልትገባ ስትል አባቴ ተሯሩጦ «ኧረ ከነጫማዎ ይግቡ፣ ምን ሲደረግ!» ብሎ አስገባት። በዚያን ቀን ቤታችንን ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ሰው ዓይን አየሁት፤ ጥጃዋ የታሰረችበትን ጥግ፣ የክረምቱ ውኃ ግድግዳው ላይ ትቶት የሄደውን የጭቃ መስመር፣ እንግዳ ይቀመጥበታል ብለን ጆንያ ያነጠፍንበትን መደብ። ማንም ምንም ሳይለኝ አፈርኩ። ጥጃዋም ሰዓት መርጣ ሸናች። መምህርት ሳቅ ብላ ወደ እኔ ስትዞር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

እናቴ ገበታውን አቀረበች። ገለባው አልለቀቀም፣ ጊዜውም አልጠበቃትም፤ ስለዚህ ሩዙን እንዳለ በእንጀራው መሀል ቆልላ፣ የኑግ ዘይት አፍስሳበት፣ ዳር ዳሩን ሽሮ አድርጋ ነበር። መምህርት ክምሩን አየች፣ ቀና ብላ ደግሞ እናቴን አየቻት። እናቴ ፊቷ በላብ ወዝቶ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እያፍተለተለች ቆማለች። ቡራኬው ተደርሶ አባቴ ከቆረሰ በኋላ «ይብሉ እንጂ መምህርት፤ ጥሩዬ ያገሯ ምግብ ነው ብላ ስትለፋ ነው የሰነበተች» አለ።

መምህርት ጎረሰች። አኘከች፣ ቆም አለች፣ እንደገና አኘከች፤ ከዚያ ዋጠችው፣ በአንገቷ ሲወርድ አየሁት። «ይጣፍጣል» አለች። አባቴም ጎረሰ፤ ዓይኑ ወደ እናቴ ዞረ፣ ግን እንግዳዋ ከዋጠችው የሚዋጥ ነገር ነው ማለት ነውና እሱም እንደምንም ዋጠው። «የከተማ ሰው ጥርሱ ብርቱ ነው መቼም» ሲል እናቴ ፊቷ በራ። እሷ የፈራችው «አልፈልግም»ን ነበርና ቀረብ ብላ፣ ጠቅልላ፣ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ አንዲት ከእጄ» አለች። መምህርት አፏን ከፈተች። አንዲት ብሎ ጉርሻ የት አለ፣ ደገመቻት፤ በእኛ ቤት ጉርሻ መመለስ የቤቱን እጅ መመለስ ስለሆነ፣ መምህርትም ያን አውቃ ይሁን አዝና፣ ሁሉንም ተቀበለች። እኔ ከጥግ ሆኜ በቃ፣ እማዬ በቃ እያልኩ በሆዴ እለምናለሁ።

በመጨረሻው ላይ ትን አላት። ሳል ያዛትና ፊቷ ቀላ፣ እንባዋ ወረደ፣ ትንፋሽ አጠራት፤ አባቴ ጀርባዋን በመዳፉ ይመታል፣ እናቴ ውኃ ፍለጋ ቅሉን ሁሉ ታንኳኳለች። ጎረቤታችን ብርቄ ሳሉን ሰምታ ዘልቃ ገባች። መምህርት መዳፏ ላይ ተፋችው፤ የገለባ ስባሪ ነበር፣ ደም ነክቶታል። «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» ብላ መዳፏን ልትጨብጥ ስትል ብርቄ አየችው፣ ገበታውንም አየችው፣ አንድ ፍሬ በጣቷ አንሥታ ቀመሰችና፣

«ውይ ጥሩዬ! ምነው፣ ለፈረስ ነው እንዴ ያቀረብሽው?» አለች።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ ሄዳ ከምድጃው ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ባለሙያዋ ጥሩዬ። ብርቄ እንኳ ያለችው ነገር ቆይቶ ገብቷት በሩ ጋ ቀረች።

መምህርት ውኃዋን ጠጥታ አፏን ጠረገች፣ በሻከረ ድምፅም «አባባ፣ የመጣሁበትን ልናገር?» አለች። «ስመኝን አይዳሯት፤ ትማር። የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው።»

አባቴ ገበታውን አየ። ያ ሁሉ ፉከራ የት እንደገባ እንጃ። «አዬ ልጄ» አለ፤ እርስዎ ሲላት ቆይቶ አሁን «ልጄ» አላት። «ቤቴ ገብተሽ ገለባ አጉርሼሽ፣ አድምቼሽ፣ በምን አፌ እንቢ እልሻለሁ? ትማር። ላንበሳሜ ሰዎች እኔ እልክባቸዋለሁ።»

እንዲህ ነው ተማሪ የሆንኩት። አባቴ የትምህርት ጥቅም ገብቶት አልነበረም፣ መንግሥት ፈርቶም አልነበረም፤ አፍሮ ነው። ብርቅ ምግብ በልታ፣ አመስግና ብትጠይቀው ኖሮ ምን ይል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። መምህርት ስትወጣ ከምድጃው ኋላ ሄዳ ጎንበስ ብላ የእናቴን ትከሻ ሳመች። እናቴ የለመነችው ሁሉ ተሰጥቷት ሳለ ፊቷን አልገለጠችም፤ ከነጠላው ውስጥ «ደኅና ግቢ ልጄ» አለች፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

በማግሥቱ መምህርት ድምፅ አልነበራትም። «ጉንፋን ይዞኛል» ስትል ልጆቹ ተያይተው ሳቁ፤ ብርቄ ወሬውን አዳርሳዋለች። እናቴ ውኃ ስትወርድ «ጥሩዬ፣ ገለባው እንዴት አደረ?» ይሏት ነበር፣ እኔንም ልጆቹ «የገለባ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ዘግይተን እንደሰማነው የብርቄን ቤት ጨምሮ በየቤቱ ያለች ሴት ሁሉ ያንኑ ሞክራ፣ ያው ሆኖባት፣ በጓሮ ለዶሮ ደፍታዋለች፤ እነሱን ያዳናቸው እንግዳ ያልነበረባቸው መሆኑ ብቻ ነው። ለእናቴ ይህን ስነግራት «እነሱስ ሰው አላደሙ» አለችኝ።

ጥር ገብቶ ሌሎች ሙሽሮች በበቅሎ ተጭነው ሲሄዱ እኔ በመምህርት ልመና ወረታ ትምህርት ቤት ገባሁ። የአንበሳሜዎቹ ጠብቀው ጠብቀው ለልጃቸው ሌላ አጩ፣ ደግ አደረጉ። እናቴ በዚያ ወር ከሩዙ ጋር ብቻዋን ስትታገል ከረመች፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ታደርቀዋለች፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገች በሙቀጫ ቀስ አድርጋ ትፈትገዋለች፣ በሰፌድ ታበጥረዋለች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ የቀረውን በጣቷ ትለቅማለች። አንድ ቀን ነጩ ፍሬ ሙሉውን ወጣላት። በትንሽ ማድጋ አድርጋ ከደነችው። «ለማን ነው?» ስላት «ለሷ ነዋ። ጥሩዬ እጅ እንዳላት አይታ ትሂድ» አለች። ግን ጥሪው የሚመጣው እሑድ፣ ደግሞ የሚመጣው እሑድ እየተባለ ተላለፈ፤ እናቴ መምህርትን መንገድ ላይ ካየቻት በሌላ በኩል ዞራ ትሄድ ነበር።

በበጋው ማብቂያ የመምህርት ጊዜ አለቀ። የስንብቱ ቀን እናቴ በማለዳ ተነሥታ ሩዙን ቀቀለች፣ በሞሰብ አድርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ይዛኝ ወጣች። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ይናገራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። እናቴ የድሮው ቦታዋ ላይ፣ ከበሩ ውጭ ቆመች።

«እማዬ፣ ነይ እንጂ!» ብዬ እጇን ጎተትኳት።

«ቆይ፣ ሰው ይቅለል።»

ብርቄ ሞሰቡን አይታ፣ በክፋትም አልነበረም፣ ሳቅ ብላ «ዛሬም ሩዝ ነው ጥሩዬ?» አለች። ዙሪያውን ያሉት ሳቁ። ከዚያ በኋላ እናቴን ከቆመችበት ማንቀሳቀስ አልተቻለም። መኪናው መጣ፤ መምህርት ከተጫነች በኋላ ቆማ በሰዉ ራስ ላይ ወዲያ ወዲህ ትመለከት ነበር፣ እኛን ስትፈልግ ነው ብዬ አምናለሁ፣ እጄን ባወጣም አላየችኝም። ማታ ያን ሩዝ እኛው በላነው። ነጭ ነበር፣ ፍሬው ለብቻ ለብቻው ቆሟል፣ ገለባ የሚባል የለበትም። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግሩም ነው» አለ። እናቴ አልቀመሰችውም።

ዛሬ ፎገራ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሩዙን ነው፤ የወረታ ማሽኖች ሲፈለፍሉ ይውላሉ፣ የእናቴን የአንድ ወር ድካም ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጨርሱታል። እኔም አስተማሪ ሆንኩ፤ ተማሪዎቼ ቤት ስሄድ ያቀረቡልኝን ሁሉ እበላለሁ፣ ከቤቱ ሰው ፊት ላይ ዓይኔን አነሣለሁ። አባቴ ካለፈ ወዲህ እናቴ ከእኔ ጋር ናት፤ አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል። ወደ እኔ ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ጠገብኩ ቢል ማንም ቅር አይለውም፣ ያኔ ግን በአንዲት ልጅ ጉሮሮ ሲወርድ የነበረው የእኔ ዕድሜ ነበር። እንግዳ ይመጣል ባልኩ ቁጥር እናቴ ሰፌዱን ታስመጣና ከመፈልፈያ ቤት የመጣውን ንጹሕ ሩዝ ትበትንበታለች፣ በዓይኗ ስለማታይ በጣቷ እየዳሰሰች ትለቅማለች። ልጆቼ «አያቴ፣ ማሽን ፈልፍሎታል እኮ» ይሏታል። «ማሽን ምን ገዶት» ትላቸዋለች፣ «እንግዳ የሚመጣበት እኔ ላይ ነው።»

በቅርቡ አብሮኝ የሚያስተምር ባልደረባዬን ምሳ ጠርቼው ነበር። እናቴ ሰፌዱን ይዛ ስትዳስስ ቆይታ ድንገት ጣቷ ቆመ። አንዲት ከነገለባዋ የቀረች አገኘች፤ ከማሽን ያመለጠች፣ አፏን የዘጋች ፍሬ። እጄን ፈልጋ መዳፌ ላይ አኖረቻትና ጣቶቼን አጠፈችብኝ።

«ይኸው፣ አላልሁሽም?» አለች። «ዝም ብላ ትውጣት ነበር እኮ፣ ያቺ ልጅ።»

የምንጠብቀው እንግዳ ወንድ ነበር፤ እናቴ ግን አሁንም የምትለቅመው ለመምህርት ነው።